«ኢሜይል ልከናል» ብለን ነበር

ባለፈው ሴሚስተር መጀመሪያ የማኅበራችን የአስጠኚዎች ፕሮግራም ሲከፈት 64 ተማሪዎች በዌብሳይታችን ተመዘገቡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪው ፎርሙን ይሞላል። ገጹ «ተመዝግበዋል፤ የማረጋገጫ ኢሜይል ልከናል» ይለዋል። ተማሪው ኢሜይሉን ከፍቶ ሊንኩን ይጫናል፣ አስጠኚ ይመደብለታል። በሦስት ቀን ውስጥ ሊንኩን ካልተጫነ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ተማሪ ይሰጣል። 51 ሰዎች ተጫኑ። 13 ሰዎች አልተጫኑም። ቦታቸውን ለሌላ ሰጠን።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ስለ 13ቱ ምን እንደተባለ በደንብ አስታውሳለሁ፤ አብዛኛውን የተናገርኩት እኔ ነኛ። «ሐበሻ ኢሜይል አያነብም» አልኩ። አንዱ ደግሞ «ቀጠሮስ መቼ ያከብራል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን። ከ13ቱ ለአንዱ እንኳ ስልክ የደወለ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ያ ሳቅ ስላሳፈረኝ ነው። ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ማኅበር፣ እድር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ማንኛውንም የሐበሻ ስብስብ የሚያስተዳድር ሰው ቢሰማው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። አንድ ነገር «አልፎ አልፎ ይበላሻል» ሲባል ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብን «የሚበላሸው በማን ላይ ነው?» ብለን ነው።

«አልተመረጥኩም መሰለኝ»

በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ ከአገር ቤት ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም ነርሲንግ ልትማር እንደምታስብ ነገረችኝ። ኬሚስትሪ እንዴት እንደሆነላት ጠየቅኳት።

«የመጀመሪያው ፈተና አልሆነልኝም» አለች።

«ታዲያ የእኛን አስጠኚዎች ለምን አልተመዘገብሽም?»

«ተመዝግቤ ነበር። አልተመረጥኩም መሰለኝ።»

«እንዴ፣ እዚህ ምርጫ የለም እኮ። ቦታ እስካለ ድረስ ሁሉም ይገባል። ኢሜይሉ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኝ ቢሆን ኖሮማ እመጣ ነበር። ልከናል ስለሚል ሁለት ቀን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። ስፓሙንም አይቻለሁ። ከዚያ በቃ፣ ሌላ ሰው መርጠዋል ብዬ ተውኩት።»

ለምን እንዳልጠየቀችን ስጠይቃት ትንሽ አፈር አለችና «ልመና እንዳይመስልብኝ» አለች።

ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ድረ ገጹ ዝም ብሎ ቢሰበር ኖሮ፣ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቢወጣ ኖሮ፣ ይህች ልጅ በማግስቱ ለአንዳችን ትነግረን ነበር። ገጹ ግን «ልከናል» አላት። ስለዚህ ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገችው። እኛም በበኩላችን በእሷ ላይ አደረግነው። ሁለታችንም የፈረድነው በአንድ ሰው ላይ ነበር፤ ገጹን የጠረጠረ አልነበረም።

«ለእኔ ይሠራል»

በማግስቱ ያደረግኩት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ ራሴ ላይ ሞከርኩት። ፎርሙን በስልኬ ከፈትኩ፣ ስሜን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ፣ የግል ኢሜይሌን አስገባሁ። ማረጋገጫው በሰከንዶች ውስጥ ደረሰ። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱም ደረሱ። የኮሚቴው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩና ተኛሁ።

አምስት ጊዜ መሞከሬ ግን አምስት ማስረጃ አይሆንም። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ፣ አንድ አድራሻ ነው የሞከርኩት። በክሊኒክ ልምምድ ላይ የራሴን የደም ግፊት አምስት ጊዜ ለክቼ «የዎርዱ ታካሚዎች በሙሉ ደህና ናቸው» ብል መምህሬ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህኛው ግን በትምህርት ቤት እንደተማርኩት። ትኩሳቱ እየመጣ የሚሄድ ታካሚ ሲገጥምህ ስትሄድ ትኩሳት የለውም ብለህ አትተወውም። ሰዓቱንና ሙቀቱን ሰንጠረዥ ላይ ትጽፋለህ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ወባ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ተሕዋሱ በደም ሴሎች ውስጥ ተባዝቶ ሴሎቹን የሚያፈነዳበት ዑደት 48 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ በሽታው ሲጸና ትኩሳቱ በየሁለት ቀኑ ይመላለሳል። ፕላስሞዲየም ማላሪዬ ደግሞ 72 ሰዓት ይወስዳል። መዝግቦ ላላየ ሰው ትኩሳቱ እንደፈለገው የሚመጣ ይመስለዋል። ለመዘገበ ሰው ሥርዓት አለው።

እኔም ኤክሴል ከፍቼ 64ቱን ሰዎች ደረደርኩ፤ ስም፣ የኢሜይል አድራሻ ዓይነት፣ የተመዘገቡበት ሰዓት፣ ሊንኩን መጫን አለመጫን። ከዚያ በስም ቅደም ተከተል አስደረደርኩት። ኤክሴል የላቲን ፊደሎችን አስቀድሞ የእኛን ፊደል ከታች ያደርጋል። እናም የመጨረሻዎቹ 14 መስመሮች ስማቸውን በፊደል የጻፉ ሰዎች ሆኑ። ከ14ቱ የ9ኙ ሳጥን ባዶ ነበር።

አምስቱ ግን ደርሷቸዋል። ስለዚህ «ፊደል አይሠራም» ማለትም አልቻልኩም። ቀጥሎ ያለውን ዓምድ አየሁ። ደርሷቸው የተጫኑት አምስቱ የሰጡት የግል ኢሜይላቸውን ነው። ያልደረሳቸው ዘጠኙ ሁሉም የኮሌጅ አድራሻቸውን ነው የሰጡት። የኮሌጅ አድራሻ ሰጥተው ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፉት ደግሞ ደርሷቸዋል። ፊደል ብቻውን ችግር አልነበረም፤ የኮሌጅ አድራሻም ብቻውን ችግር አልነበረም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚጠፋው። «አልፎ አልፎ» ያልነው ነገር በሁለት ዓምዶች የሚነበብ ነበር።

ሳጥኑን ማን ያነበዋል?

ዌብሳይቱን የሠራው ከእኛ ኮሌጅ ተመርቆ አሁን ሥራ ላይ ያለ ወንድማችን ነው። ደውዬ ሰንጠረዡን ላክኩለት። አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ኢሜይሉ የሚላክበትን ‹ኖ ሪፕላይ› ሳጥን ማን ነው የሚያነበው?»

ማንም አያነበውም። ስሙም ራሱ «መልስ አትስጡ» ነው የሚለው። የይለፍ ቃሉን ካለፉት ሦስት ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። ስንከፍተው ዘጠኝ መልእክቶች ቁጭ ብለዋል። እያንዳንዱ የማን ኢሜይል እንዳልደረሰና ለምን እንዳልደረሰ ይናገራል። የኮሌጁ ሰርቨር ለእያንዳንዱ በትክክል መልስ ሰጥቶ ነበር። ሳናነበው የቀረነው እኛ ነን።

ኢሜይል አያነቡም ብለን የሳቅንባቸው ሰዎች ሳጥናቸውን ሁለት ቀን ሲከፍቱና ሲዘጉ፣ እኛ የራሳችንን ሳጥን አንዴም አልከፈትንም። ይህን ለእማዬ ስነግራት ከምጣዱ ቀና ሳትል «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም።

ምን ሆኖ ነበር?

ኮምፒውተር የማይማሩ አንባቢዎች እንዳይሰለቹ በአጭሩ ላስረዳ። የማዝንበት ምክንያት እዚህ ውስጥ ስላለ አልዘለውም። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚሄድበት ሕግ ኤስኤምቲፒ ይባላል። ጆን ፖስትል በ1982 ሲጽፈው የታሰበው ለ128 የእንግሊዝኛ ምልክቶች ብቻ ነበር። አማርኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ በዚያ ሕግ ውስጥ የሉም። በኋላ መፍትሔ ተገኘ። የኢሜይሉ ራስጌ ላይ፣ ማለትም የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስምና ርዕስ በሚጻፍበት ክፍል ላይ፣ ሌላ ፊደል ካለ መጀመሪያ ወደ ተራ የላቲን ፊደልና ቁጥር ይቀየራል፤ «ይህ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተቀየረ ነው» የሚል ምልክትም ይደረግበታል። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ፕሮግራሙ መልሶ ፊደል ያደርገዋል። ዛሬ የምንጠቀምበት የዚህ ደንብ ጽሑፍ፣ አርኤፍሲ 2047፣ የወጣው በ1996 ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ሁለቱም እኔ ከመወለዴ በፊት ተጠናቀዋል።

የእኛ ዌብሳይት ኢሜይሉን ለግል ለማስመሰል ርዕሱ ላይ የተመዝጋቢውን ስም ያስገባል፤ «ሰላም እገሊት፣ ምዝገባሽን አረጋግጪ» እንደማለት። ርዕሱን የሚጽፈው ኮድ ግን ያንን መቀየር አያደርግም ነበር፤ ስሙን እንዳለ ጥሬውን ይልከዋል። ስሙ በላቲን ፊደል ከሆነ ምንም አይሆንም። በእኛ ፊደል ከሆነ ዕድሉ ተቀባዩ ሰርቨር ላይ ይወሰናል። አንዳንዱ ሰርቨር ጥሬውን ዝም ብሎ ያሳልፋል። አንዳንዱ ሕጉን ጠብቆ ይመልሳል። ወንድማችን ያስተካከለው በአንድ መስመር ኮድ ነው።

ከ13ቱ ገና አራት ሰው ይቀራል። አራቱም ስማቸውን በላቲን ፊደል የጻፉ ናቸው። ሦስቱ የተመዘገቡት ፕሮግራሙን ባስተዋወቅንበት ምሽት፣ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ በአንድ ጊዜ ሲመዘገብ፣ እዚያው ደቂቃ ላይ ነው። ኢሜይሎቻችንን የሚያደርስልን አገልግሎት በደቂቃ የሚቀበለው መጠን የተወሰነ ነው። ሲበዛበት በ4 የሚጀምር ቁጥር ይመልሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ማንም ሰው ሊያስታውሳቸው ይችላል። በ2 የሚጀምር መልስ «ተቀብያለሁ» ነው። በ4 የሚጀምር «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው። በ5 የሚጀምር «አልቀበልም፣ ደግመህ እንዳትመጣ» ነው። ደንቡ ላኪው 4 ሲመጣበት ኢሜይሉን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደጋግሞ እንዲሞክር፣ ተስፋ የሚቆርጠውም ከአራት አምስት ቀን በኋላ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ኮድ አንዴ ሞክሮ ይተዋል። ስህተቱንም የትም አይመዘግብም። ከዚያ ለተማሪው «ልከናል» ብሎ ያሳየዋል። ሎግ የሚባለው መዝገብ ቢኖር ኖሮ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነበር። በዎርድ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

አንዱ ቀረ። እሱ ኢሜይሉ ደርሶት ነበር፤ ረስቶት ነው። ከ13 ሰዎች ስለ ሁሉም የተናገርነው ነገር ልክ የሆነው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

«በእንግሊዝኛ ይጻፉ» የሚለው ሐሳብ

ይህን ለኮሚቴው ሳቀርብ መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ «ስምዎን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይጻፉ የሚል ማስታወሻ ፎርሙ ላይ እናድርግ» የሚል ነበር። ያለውን ሰው አልወቅሰውም። ፈጣን ነው፣ ነፃ ነው፣ ይሠራልም። እኔም ብሆን ስሜን በፊደል የምጽፈው ለዚህ መጽሔት ስጽፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስልኬም በእንግሊዝኛ ነው።

ግን ተቃወምኩ፤ ምክንያቴን እዚህም ልድገመው። የፎርሙን ርዕስ በአማርኛ የጻፍነው እኛ ነን። «ስም» ብለን ጠይቀን ሰው «ስም» በጠየቅንበት ፊደል ቢመልስ ምን አጠፋ? ደግሞ እነማን እንደሆኑ አየሁ። በፊደል የጻፉት በአብዛኛው ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡት ናቸው። የአስጠኚ ፕሮግራሙ ከሁሉ በላይ የተቋቋመው ለእነሱ ነው። እዚህ ያደግነው የአማካሪውን ቢሮ፣ የላይብረሪውን አሠራር፣ ፕሮፌሰሩን እንዴት እንደሚያናግሩት እናውቃለን። ባልታሰበበት አንድ መስመር ኮድ ምክንያት ፕሮግራሙ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ለይቶ ያስቀር ነበር። ያሰበበት የለም፤ የከፋ ልብ ያለው የለም። ውጤቱ ግን አስቦበት የተደረገ ያህል ትክክለኛ ነበር።

ሌላ የሰማሁት ክርክር «ይሄ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው፣ ማንም አልሞተም፣ ባይሆን በቴሌግራም እንላክ» የሚል ነው። ማንም አለመሞቱ እውነት ነው። ቴሌግራምም ጥሩ ነው፣ አብረን እንጠቀምበት። ነገር ግን ችግሩ መሣሪያው ላይ አይደለም። የላከው ሰው መድረሱን ሳያረጋግጥ «አድርሻለሁ» ካለ በቴሌግራምም፣ በደብዳቤም፣ በሰው እጅም ቢልክ ያው ነው። እኛ ለታካሚ የሕመም ማስታገሻ ሰጥተን ዞር አንልም። ተመልሰን «አሁንስ?» እንላለን። ሐኪም በስልክ ትእዛዝ ሲሰጥ ጽፈን መልሰን እናነብለታለን፤ እሱም «አዎ» ይላል። የሰማነውን እንዳልሰማነው ስለምንጠራጠር አይደለም። ዙሩ ካልተዘጋ የተነገረው እንዳልተነገረ ስለሚሆን ነው።

ሌሎችም እንዲያዩት

ይህ የእኛ ማኅበር ብቻ ችግር አይመስለኝም። የማውቃቸው የሐበሻ ማኅበራት፣ እድሮችና አብያተ ክርስቲያናት ዌብሳይቶች ብዙዎቹ እንደ እኛ አንድ የተመረቀ ልጅ በቅዳሜና እሁድ የሠራቸው ናቸው። የእናንተም «አንዳንድ ሰው ኢሜይል አይደርሰውም» የሚባልበት ከሆነ ከሰው በፊት እነዚህን እዩ።

የምትልኩት ከተራ የጂሜይል አካውንት ከሆነ በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም። የበዓል ጥሪ በምትልኩበት ቀን ዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ሰዎች ሁልጊዜ የሚቀሩት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

የምትልኩት ከራሳችሁ ስም ከሆነ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት ማረጋገጫዎች አስተካክሉ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በዚህ ላይ ጠንክረዋል። በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱም ሊኖሩት ይገባል፤ ጥቂት የሚልክም ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዱ ያስፈልገዋል። ኤስፒኤፍ በእናንተ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር መዝገብ ነው። ኢሜይላችሁ ከሁለት ሰርቨሮች የሚወጣ ሆኖ መዝገቡ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ግማሹ ይደርሳል ግማሹ ስፓም ውስጥ ይገባል። ያኔም «አልፎ አልፎ» ትሉታላችሁ።

የፒኤችፒ የመላኪያ ትእዛዝ «እሺ» ብሎ ሲመልስ ለመላክ ተቀበልኩ ማለቱ ነው፤ ሰውየው ዘንድ ደረሰ ማለት አይደለም። የፒኤችፒ መመሪያ ራሱ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል። አንዳንድ ተቀባይ ሰርቨሮች ደግሞ የማያውቁትን ላኪ መጀመሪያ ጊዜ ሆን ብለው በ4 ይመልሱታል፤ እውነተኛ ላኪ ተመልሶ ይመጣል፣ ስፓም የሚልክ ግን አይመለስም ከሚል ሐሳብ ነው። ደግሞ የማይሞክር ዌብሳይት በእነሱ ዓይን ከአጭበርባሪ አይለይም።

ከሁሉም በላይ የመመለሻ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ምናልባት መልሱ እዚያ ተቀምጦ ይሆናል።

እኛ ያደረግነው

ወንድማችን ርዕሱን አስተካክሏል፣ የሚከሽፉትን ኢሜይሎች ወረፋ አስይዞ ደግሞ እንዲሞክር አድርጓል፣ እያንዳንዱ ሙከራ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚህ በኋላ ማንኛውም ለውጥ ሲደረግ የምንሞክረው በእኔ ስም ብቻ አይሆንም፤ በፊደል በተጻፈ ስም፣ በኮሌጅ አድራሻ፣ በግል አድራሻ እንሞክራለን። ገጹም «ልከናል» ማለቱን ትቷል። አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «ማረጋገጫ ኢሜይል እየላክን ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልደረሰዎ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላልና በዚህ ስልክ ይደውሉልን።»

ሌላው ለውጥ ከኮድ ጋር አይገናኝም። ማንም ሰው ሳይደወልለት ቦታውን አያጣም። 13 ሰው ለመደወል አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያንን አንድ ሰዓት ለሳቅ ከምናውለው ደውለን ብናውለው ኖሮ ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር።

ለአሥራ ሁለቱ ሰዎች በየስማቸው ደውዬ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ለአሥራ ሦስተኛውም ደወልኩ፤ እሱ ራሱ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሁለታችንም ሳቅን። ሰባቱ አስጠኚ ተመድቦላቸዋል። አምስቱ ጊዜው ስላለፈባቸው የሚቀጥለውን ሴሚስተር መርጠዋል። አንዱ አያስፈልገኝም ብሏል። ያቺ ልጅ ከሰባቱ አንዷ ናት። ሁለተኛውን ፈተና አልፋለች፤ የመጀመሪያው ውጤት ግን መዝገቧ ላይ እንዳለ ነው፣ ነርሲንግ ስታመለክት ይታያል። ያንን የምናስተካክልበት ኮድ የለንም።

የመመለሻ ሳጥኑን በየሰኞው ከፍቶ የሚያነብ አንድ ፈቃደኛ እንፈልጋለን። ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም፤ ማንበብና መደወል ብቻ ነው። እስኪገኝ ድረስ የማነበው እኔ ነኝ።